የቅባት ደንብና የአማቴ ጾም

ጣልያን ከወጣ በኋላ መቀሌ ውስጥ ያገኘሁት የመንግሥት ሥራ ቅባት መጠበቅ ነበር። ሰው ሥራህ ምንድን ነው ሲለኝ «የጽዳት ተቆጣጣሪ ነኝ» እላለሁ፤ ምን እንደምቆጣጠር ከጠየቀኝ ወሬ እቀይራለሁ። ወሎ ያለችው እናቴ «ልጄ መቀሌ ሹም ሆኗል» ብላ ለአገር ሁሉ አውርታ ነበርና፣ እሷን ላለማሳፈር አገሬ በገባሁ ቁጥር ስለ ቅባቱ ትንፍሽ አልልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣልያን ለመኮንኖቹ የሠራው ትልቅ ወጥ ቤት ነበር፤ ኋላ ሆቴል ሆነ። ከጀርባው በሲሚንቶ የተሠራ፣ መካከሉ በግንብ የተከፈለ ጉድጓድ አለ። የዕቃ እጣቢው መጀመሪያ ወደ አንደኛው ክፍል ይገባና አሸዋው፣ አመዱና አጥንቱ ከሥር ይዘቅጣል። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ያልፍና ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ውሃው ብቻ በሥር ሾልኮ ይሄዳል። የሠሩት ሰዎች የእኛ ሴቶች ድስት የሚፈትጉት በአሸዋና በአመድ መሆኑን የነገራቸው የለም። ስለዚህ ዓመት ይቆያል የተባለው ጉድጓድ ቶሎ ቶሎ ጢም ይላል፤ ጢም ሲል ሽታው ገበያ ድረስ ይደርሳል። ያ ዝቃጭ ተዝቆ የሆነ ቦታ መደፋት አለበት። የእኔ እንጀራ የተመሠረተው በዚያ «የሆነ ቦታ» ላይ ነበር።

በጣልያን ጊዜ የሆነ ቦታ ማለት የሚስቴ አባት ማሳ ማለት ነው። እኚህን ሰው ቤተሰቡ ሁሉ «አቦይ» ስለሚላቸው እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ማሳቸው ከከተማው በስተሰሜን፣ ወደ ውቅሮ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው፤ ለመኪና ስለሚቀርብ ተመረጠ። ፈቃዳቸውን የጠየቀ አልነበረም፤ ወታደሮቹ በርሜሉን ገልብጠው ይሄዳሉ። በመጀመሪያው ዓመት መሬቱ እንደ ተለሰነ ወለል ሆነ። ዝናቡ አይሰርግም፤ ላዩ ላይ እየሄደ የጎረቤት ማሳ ይገባል። ዶሮ እንኳ ስትሻገር ያዳልጣት ነበር ይላሉ። አቦይ ጠዋት ጠዋት እየወጡ፣ ሰው አለመኖሩን አይተው፣ ጣልያንን ይሳደቡና ይመለሳሉ።

አማቴ፣ የሚስቴ እናት፣ ስድብ አያውቁም ነበር። እንቅባቸውን ይዘው ይወጡና አጥንቱን፣ ጠጠሩን፣ የጠርሙስ ስባሪውን በእጃቸው ይለቅማሉ። የደረቀውን ቅባት በዶማ ይሰባብሩና አፈር ያለብሱታል። አንዷን ጣታቸውን ጠርሙስ ቆርጧት እስኪሞቱ ድረስ አልታጠፈችላቸውም። እንዲህ እያሉ ያ ነጭ ጭንጫ ቀስ በቀስ ጠቆረ፤ የበቀለበትን ገብስ መንገደኛ ቆሞ ያየው ጀመር። አቦይም ስድባቸውን ተዉ። ጣልያን ሲወጣ ያዘኑት በርሜሉ ስለቀረ ነው እያልኩ ስቀልድባቸው፣ «ዝም በል ወደይ፣ ሰው ይሰማሃል» ይሉኛል። ከእኔ ጋር የሚነጋገሩት በአማርኛ ነበር፤ «ልጄ» የሚለው ግን በትግርኛ ካልሆነ አይወጣላቸውም።

ጣልያን ከወጣ በኋላ ዝቃጩ በየጎርፉ መሄጃ ይደፋ ጀመር። ሕዝቡ ውሃችን ተበላሸ ብሎ አመለከተ፣ ደንብ ወጣ። ያወጡት አለቃዬ ከሸዋ የመጡ፣ ሲስቁ አይቻቸው የማላውቅ ሰው ናቸው። ደንቡ ዝቃጩ ከውሃ ጉድጓድ ርቆ ይደፋ ይላል፤ ርቀቱንም በሜትር ጽፎታል። ዝናብ ባለበት ቀን አይደፋም። የባለ መሬቱ ፈቃድ ይጠየቃል፤ የተደፋው በዚያው ቀን በማረሻ ይገለበጣል፤ ሲገለበጥ ተቆጣጣሪው ቆሞ ያያል። መጨረሻው ላይ ደግሞ፣ ከአጨዳ በኋላ ተቆጣጣሪው መሬቱ ዳግመኛ መገለበጡን ባለቤቱን ጎረቤት ባለበት ይጠይቅ የሚል አለ። ጎረቤት ባለበት የተባለው ሰው እንዳይዋሽ ታስቦ ነው።

ደንቡን ለገበሬዎቹ ሳነብ አንዱ ተነሥቶ ሜትር ምን ያህል ነው ብሎ ጠየቀ። መለኪያው ያለው ጽሕፈት ቤት ነው፤ ከአለቃዬ መሳቢያም አይወጣም። ገበሬዎቹ ተመካከሩና በወንጭፍ ይሁን አሉ። ሰው ከውሃው ጉድጓድ አፍ ቆሞ ይወረውራል፤ ድንጋዩ የወደቀበት ድንበር ይሆናል። አለቃዬ አስበውበት ፈቀዱ። ወርዋሪው ማን ይሁን የሚለውን ግን ያሰበው አልነበረም። አቦይ፣ ማሳቸው ለጉድጓዱ ስለሚቀርብ፣ ትከሻው የሚያመውን አንድ ዘመዳቸውን ይዘው መጡ። ድንጋዩ እግራችን ሥር ወደቀ ማለት ይቀላል።

«ይህ አይሆንም፣ አቦይ» አልኳቸው።

«ደንቡ ወንጭፍ አለ እንጂ ጎበዝ አላለም።»

ጎበዝ አስመጥቼ ሳስወረውር ድንጋዩ ማሳቸው መካከል ወደቀ። ግማሹ ማሳ ተፈቀደ፣ ግማሹ ተከለከለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ወደይ» ማለታቸውን ትተው «መንግሥት» ይሉኝ ጀመር። «መንግሥት፣ እራት ቀርቧል።» «መንግሥት፣ በሩን ዝጋው፣ ብርድ ገባ።» ሚስቴ ትስቃለች፤ እኔ በሩን እዘጋለሁ።

ጋሪውን የሚነዳው የወሎ ሙስሊም ነው፣ የአገሬ ሰው። በርሜሉ ውስጥ የአሳማ ጮማ ሊኖር እንደሚችል ሲሰማ ሼኹን ጠይቆ፣ እጁ እስካልነካው ድረስ ግድ የለም ተብሎ ነው ሥራውን የያዘው። የአካፋው እጀታ ከራሱ ቁመት ይበልጥ ነበር።

ጎረቤቶቹ መጀመሪያ አፍንጫቸውን ይዘው ያልፉ ነበር። የአቦይን ገብስ አዝመራ ካዩ በኋላ ግን እየመጡ፣ አንዱ ገበያ ዳር አንዱ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ እየጠበቀኝ፣ «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ለኔም አንድ በርሜል ብታደርግልኝ፤ ግን ለሰው እንዳትነግር» ይሉኛል። የጣልያንን እጣቢ ለመነ መባልን ነው የፈሩት። ደንቡ የሚጠይቀው ፈቃድ እንጂ ወሬ አይደለምና የሁሉንም አስደፋሁ፤ ማለዳ ማለዳ ቆሜ ሲገለበጥ አየሁ። ከመካከላቸው ጥምጣም ያሰረም ነበረበት። ከአጨዳ በኋላ የሚጠየቀውንም ጥያቄ፣ እንደ ጨዋ ሰው፣ ለየብቻቸው ነበር የምጠይቃቸው።

አማቴ በጥቅምት፣ ገብሱ ሊታጨድ ሲል ሞቱ። ንዳድ ነው የገደላቸው። የአርባ ቀን ተዝካራቸው የነቢያት ጾም ውስጥ ወደቀ።

ወሬውን የጀመረችው አንዲት ጎረቤት ናት። እሷ የጠየቀችው ጥያቄ ብቻ ነው፤ ገበያ ላይ፣ እህል እየሰፈረች፣ በአሳማ ጮማ የበቀለ ገብስ በጾም ይበላል ወይ ብላ። መልስ ሳትጠብቅ ሄደች። በሳምንቱ ሰው አቦይ ቤት ለቅሶ ሊደርስ ይመጣል፣ ከልቡ ያለቅሳል፣ ስዋ፣ ጠላው ማለት ነው፣ ሲቀዳለት «ጠጥቼ ነው የመጣሁት» ይላል። ሕምባሻ ሲቀርብለት በልቶ ነው የመጣው። አገሩ እንደዚያን ሰሞን ጠግቦ አያውቅም።

«ከየት እየበሉ ነው የሚመጡት?» አለችኝ ሚስቴ አንድ ቀን፣ ያልተነካውን መሶብ እያነሳች። «ለእናቴ የሚያለቅሱላት በቁንጣን ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ወዲያው ወደ ልቅሶ ዞረባት።

በተዝካሩ ዋዜማ ሰሞን አቦይን ለብቻቸው አገኘኋቸውና ከሌላ ዘመድ ገብስ እናምጣ አልኳቸው። ሰው እንዲበላ ብለን፣ ለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። አልተቆጡም፤ ከጎናቸው ያለውን መደብ በእጃቸው ጠረግ ጠረግ አደረጉልኝ።

«መንግሥት፣ ና ተቀመጥ። ሐቂ ንገረኝ» አሉ። «ይህ ገብስ ጾም ካልሆነ፣ እሷ ጣልያን ከገባ ወዲህ አንድም ጾም አልጾመችም ማለት አይደለም? ዐቢይ ጾሙን፣ ፍልሰታውን፣ ረቡዕ ዐርቡን፣ ሁሉን በዚህ ገብስ ነው የያዘችው። ስትታመም ወተት ቅመሺ ብዬ ለመንኳት። ዐርብ ነው አለችኝ። የገብስ አጥሚት ጠጥታ ነው የሞተችው።» መደቡን እንደገና ጠረግ አደረጉት። «የሌላ ሰው ገብስ ባበላ፣ ያንቺስ ፍስክ ነበር ብዬ መመስከሬ ነው። እንዲህ ብዬ ለነፍሷ ምን ተዝካር አወጣለሁ?»

እስከዚያ ሰዓት ድረስ የኩራት ጉዳይ ይመስለኝ ነበር።

«ደንቡን እይልኝ» አሉኝ። «ስለ ጾም የሚል ካለው።»

ደንቡን ከነነጥቡ በቃሌ አውቀዋለሁ። ቢሆንም ሄጄ አየሁላቸው። ስለ ዝናብ ይላል፣ ስለ ጉድጓድ ይላል፣ ስለ ማረሻ ይላል። በማግስቱ አለቃዬ ዘንድ ገብቼ ነገሩን እንዳለ አስረዳሁ። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ከዚያ ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ ቅባቱ አፈር እስኪለብስ ድረስ ጉዳዩ የእኛ ነው አሉ። አፈር ከለበሰ በኋላ የእርሻ ሹሙ ነው። እሸት ከያዘ በኋላ ግን የቤተ ክህነት ነውና ወደዚያ ይመራ። «ማሳው በደንቡ መሠረት መገለበጡን ግን ልናረጋግጥላቸው እንችላለን» ብለው ማኅተማቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉት። ማኅተም በሕምባሻ ላይ እንዴት እንደሚመታ አሰብኩና አመስግኜ ወጣሁ።

ወደ አቦይ የነፍስ አባት ሄድኩ። ከደጃቸው ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ነገሩን ቀድመው ሰምተውታል። «ላም ሣር በልታ እበት ትጥላለች» አሉኝ፣ ከእኔ አልፈው ወደ መንገዱ እያዩ። «እበቱ ያበቀለው እህል ጾም ነው፤ ሣር ጾም ነዋ። ይህ ደግሞ ቅባት ነው። ቅባት ከሥጋ ነው። መጽሐፍ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ላስብበት።»

«ቀኑ ደርሷል፣ አባ።»

«እያሰብኩ ነው።»

እያሰቡ ቀኑ ደረሰ።

አቦይ ደጅ ዳስ ተጣለ። የቀረ ሰው አልነበረም፤ ወሬ አንሥታ የነበረችው ጎረቤት እንኳ ቀድማ መጥታ ጥሩ ቦታ ይዛለች። የአገሬ ሰው ባለ ጋሪውም ልብሱን አጥቦ፣ አካፋውን ትቶ መጣና በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ፍትሐቱ ተደረሰ። ሕምባሻው በየመሶቡ ቀረበ፣ ሽሮው ቀረበ፣ ስዋው ተቀዳ። ሕምባሻውም ስዋውም የዚያ ማሳ ገብስ ነው፤ አጭደው ያስገቡት አቦይ ራሳቸው ናቸው። የነፍስ አባታቸው ተነሥተው ባረኩ፣ ቆረሱም። ከዚያ የቆረሱትን እንደያዙ ተቀመጡ። አፋቸው ውስጥ እስኪገባ ሰው ሁሉ ይጠብቃል። እሳቸውም የሆነ ነገር የሚጠብቁ ይመስላሉ።

አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እኔ እንኳ በልቼ ነው የመጣሁት» አሉ።

«እኔም» አለ ሌላው፣ እፎይ እንደ ማለት ብሎ።

አቦይ እንስራውን ተደግፈው ቆመው ነበር። ዓይናቸው ቄሱ እጅ ላይ ነው። ሚስቴ በበሩ ሆና አየቻቸውና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተናደድኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። የተናደደ ሰው መሶብ ይገለብጣል። እኔ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ንዴቴም በመንግሥት ወግ መጣ። ተነሥቼ ኮቴን ቆለፍኩ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኩ። «ሥራ አለብኝ። ደንቡ ከአጨዳ በኋላ ባለ መሬቱን ጎረቤት ባለበት ጠይቅ ይላል። አጨዳው አልቋል። ጎረቤትም ከዛሬ የተሻለ ቀን ተሰብስቦ አያውቅም።»

በልቼ ነው የመጣሁት ወዳሉት ሽማግሌ ዞርኩ። «አባቴ፣ ከጉድጓዱ ማዶ ካለው ማሳዎ ላይ በሰኔ ያስደፉት ዝቃጭ ዳግመኛ ተገልብጧል?»

ሽማግሌው መሶቡን ተመለከቱ። «ተገልብጧል» አሉ፣ በቀስታ።

ሚስታቸው ወደ እሳቸው ዞረው አዩዋቸው። ዓይናቸውን ገና ከእሳቸው ላይ አላነሡም።

«ያንተስ ሓወይ? መንገድ ዳር ያለው?»

«ተገልብጧል።»

«እመይ፣ የአንቺ የሽንኩርት መደብስ?» ይቺ በገበያ ጥያቄ የጠየቀችው ናት። ለእኔ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ብዙ ጊዜ ወሰደባት። ባለ ጋሪው በሩ አጠገብ ሆኖ ለእያንዳንዱ ራሱን ይነቀንቃል፤ የእሷ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ነቀነቀ። ዳሱን ዞርኩት። ያልተገለበጠ አልነበረም፤ ደንቡ እንዴት ያለ ጨዋ ሕዝብ ላይ እንደወጣ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። አንዱ «ለካ አንተም!» ሲል ሌላው «ዝም በል፣ አንተስ!» ሲለው ከወዲያ በኩል እሰማለሁ።

በመጨረሻ ቄሱ ፊት ደረስኩ።

«አባ» አልኩ፣ «የእርስዎ ባቄላስ?»

ቄሱ እጃቸው ላይ ያለውን ቁራሽ አገላብጠው አዩት። ከዚያ ቀና ብለው ያዩት እኔን አልነበረም፣ አቦይን ነው።

«ተገልብጧል» አሉ። «ጾሙ ከገባ ጀምሮ የምበላው ያንን ባቄላ ነው። አምናም ካቻምናም እሱኑ ነው የበላሁት። አልገደፍኩም። ቀድሻለሁ፣ አቁርቤአለሁም። ከገደፍኩ በፈጣሪ ፊት የምጠየቀው እኔ ነኝ።» ይህን ብለው አማተቡና ቁራሹን ጎረሱ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግርግር ነው። ጠግቦ የመጣው ሰው ሁሉ እንደገና ራበው። ሽማግሌው ሁለት እጃቸውን ላኩ። ሚስቴና እህቶቿ ስዋ ቀድተው መጨረስ አቃታቸው፤ ባለ ጋሪው ተነሥቶ፣ ስዋውን ባይጠጣም፣ ሕምባሻ ያዳርስ ጀመር። ጥያቄ የጠየቀችው ጎረቤት ጨው በዛው እያለች ነበር የበላችው። በማግስቱ ለአለቃዬ ምርመራው ጎረቤት ባለበት መፈጸሙንና ሁሉም መገለበጡን ነገርኳቸው። «ደንቡ ይሠራል ማለት ነው» አሉ፣ ሳይስቁ።

በተዝካሩ ዕለት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰው ተበተነ። ሚስቴ ዕቃ ታነሳለች። እኔ ዳሱን ላፈርስ ስገባ አቦይ ብቻቸውን መደቡ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ፊታቸው ባዶ መሶብ አለ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ያን ሁሉ ሰው ሲያስተናግዱ እሳቸው አልቀመሱም። ከዚያም አልፎ፣ ጾሙ ከገባ ጀምሮ ከዚያ ገብስ ሲበሉ አላየኋቸውም። የሚቆረጥሙት የሽምብራ ቆሎ ነበር። ከሁሉም ሰው በላይ የጠረጠሩት ለካ እሳቸው ነበሩ፤ ለማንም ሳይናገሩ፣ ለእሷም ለገብሷም ሲከራከሩ።

ከመሶቡ ጥግ አንዲት ቁራሽ ቀርታለች። አንሥተው አቧራውን በሌላው እጃቸው ጠረጉላት። አማተቡና በቀስታ አኝከው ዋጡ፤ እንባቸው በጢማቸው ወረደ፣ አልጠረጉትም። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ጾማለች፣ ወደይ» አሉኝ።